ደላላውን ዘግይተን የጠየቅነው ጥያቄ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። ብዕር ያስጨበጠኝ ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ በኋላ አንድ አዲስ ሙሽራ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። «ቤት ልንገዛ ቀብድ ልንከፍል ነው። ደላላው የመስጊድ ወዳጃችን ስለሆነ ስለ ክፍያው ማንሳት አፈርን። ምን ትመክረናለህ?» አለኝ። ይህ ሐፍረት ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔንና ባለቤቴን ምን ሊያስከፍለን እንደነበረ ስለማውቅ፣ ያን ምሽት መንገድ ላይ ቆሜ የነገርኩትን እነሆ ለእናንተም እጽፋለሁ።

ከአሞራ ገደል አጠገብ

ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው አሞራ ገደልን ያውቃል። ከሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ቆሮሶውና አምባዛው ይራገፋል፤ አባ ኮዳዎቹ በረጃጅም እግራቸው ቆመው ፍርፋሪ ይጠባበቃሉ፤ ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች ቢላዋቸውን ይስላሉ። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት የኖርነው ከዚህ ገበያ በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ግቢ ውስጥ፣ በኪራይ ነበር። ሁለት ክፍል፣ ሦስት ልጆችና ለአምስት አባወራ አንድ ቧንቧ ነበረን። አልሐምዱ ሊላህ፣ ከጎረቤት ጋር ተጣልተን አናውቅም።

በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ ቤቱን እንድንለቅ በትሕትና ነገሩን፤ ስድስት ወር ሰጡን። ባለቤቴ በዚያ ሌሊት ሳትተኛ ቆየችና «እስከ መቼ ነው የሰው ግድግዳ ላይ ሚስማር የምንመታው?» አለችኝ። በእቁብ ያጠራቀምነው 640,000 ብር ነበረን። እርሷ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ በመሸጥ ካገኘችውና ከመኻሯ ወርቅ ሽያጭ 310,000 ብር አወጣች። ጅዳ የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ በቀርደል ሐሰን፣ ማለትም ያለ አንዳች ጭማሪ፣ 450,000 ብር አበደረን። በድምሩ 1,400,000 ብር ሆነ። እንዲህ ያለ ገንዘብ በሕይወቴ ቆጥሬ አላውቅም። የልጆቼ እናት የእጅ ወርቋን አውልቃ የሸጠችበት ገንዘብ መሆኑንም ለአፍታ አልረሳሁም።

«አኺ፣ እኔ ለአንተ ነው የምሠራው»

ቤት ፍለጋ ስንጀምር ወደ አንድ ደላላ ሄድን። ደላላው በጁሙዓ ሶላት አብሮን የሚሰግድ፣ ቀልደኛና ሰው አክባሪ ሰው ነበር። ከመነሻው «አኺ፣ እኔ ለአንተ ነው የምሠራው። ከሻጭ ጋር ተከራክሬ ዋጋ አስቀንስልሃለሁ። ከአንተ የምወስደው እንደ ልማዱ 2 በመቶ ብቻ ነው» አለኝ። የሰማሁት ሁሉ ልቤን አሳረፈው። በወረቀት እንጻፈው ማለት ግን ወንድምን መጠርጠር መስሎ ታየኝ።

ሰባት ቤት አየን። ስምንተኛው ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ፣ ሦስት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ነበር፤ ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ባለቤትዋ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ክርስቲያን እናት ናቸው። ልጃቸው አዲስ አበባ ስለሆነች ወደ እርሷ ለመጠቃለል ነው የሚሸጡት። ልጆቼ ማንጎው ሥር ሲሯሯጡ ባለቤቴ ፊቷን አዞረች፤ ዕንባዋን እንዳላይ መሆኑን አውቄያለሁ።

ደላላው ለብቻዬ ጠርቶ «2,000,000 ብለው ነበር፤ ታግዬ 1,750,000 አድርሼልሃለሁ። ግን ሌላ ገዢ ነገ ቀብድ ሊሰጥ ነው» አለኝ። በዚያው ዕለት ማታ 50,000 ብር ቀብድ ሰጠሁ። ያ ሌላ ገዢ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሸሪዓችን ለመግዛት ሳይፈልግ ዋጋ የሚያስጨምርን ሰው «ነጅሽ» ብሎ እንደሚከለክል ከልጅነቴ የተማርኩት ነው። በራሴ ጉዳይ ሲመጣ ግን አላስታወስኩትም።

አማካሪው

የጎደለን 350,000 ብር ነበር። ደላላው ይህንንም መላ አለው። «የባንክ ብድር አማካሪ ነው» ብሎ ከአንድ ሰው ጋር አገናኘኝ። ሰውየው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተርና ብዙ ማኅተም ያለበት ቢሮ ነበረው። ባንክ ውስጥ ሰው እንዳለው፣ ፋይሌን እንደሚያዘጋጅ፣ ለዚህም ከብድሩ 5 በመቶ፣ ማለትም 17,500 ብር እንደሚያስከፍል፣ ከዚያ ውስጥ 5,000 ብር በቅድሚያ እንደሚቀበል ነገረኝ። ወለድ እንደማንበላ ስነግረው እጁን እያወዛወዘ «ከወለድ ነፃ የሚባለውም ስሙ ይለያል እንጂ ያው ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «ይህ ሰው የሚሠራው ለማን ነው? ለእኛ ነው፣ ለባንኩ ነው ወይስ ለደላላው?» አለችኝ። እኔም «ለእኛ ነዋ፣ እኛ አይደለን የምንከፍለው?» ብዬ መለስኩላት። 5,000 ብሩን ከፈልኩ። ሰውየው አንድ ሳምንት ስልክ አነሣ፤ በሁለተኛው ሳምንት ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ክፍያ ውስጥ ደላላው ድርሻ እንደነበረው ያወቅሁት በኋላ ነው።

አላህ ይስጣት፣ ባለቤቴ ራሷ ልጅ አዝላ ወደ አንድ ባንክ ከወለድ ነፃ መስኮት ሄደች። አንዲት ወጣት ሠራተኛ የሚያስፈልጉትን ሰነዶች በአንድ ገጽ ጽፋ በነፃ ሰጠቻትና «እናቴ፣ ለዚህ በመካከል የሚገባ ሰው አያስፈልግም» አለቻት። 17,500 ብር የተጠየቀበት ምክር ይህ አንድ ገጽ ነበር።

በወቅቱ በአገራችን መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ ፈቅዷል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ በር ተከፈተ፤ ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ ሁለቱም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። እንግዲህ «ስሙ ብቻ ነው የሚለየው» ለሚሉ ሰዎች አጭር መልስ ልስጥ። በሙራበሓ ባንኩ ብር አያበድርም። ዕቃውን ወይም ቤቱን መጀመሪያ ለራሱ ይገዛል፤ ከዚያም የገዛበትን ዋጋና የሚያተርፈውን ገልጾ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጣል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ ክፍያው ቢዘገይ እንኳ አይጨምርም። ፉቀሃዎች ይህን ሽያጭ ከአማና ሽያጮች የሚመድቡትም ሻጩ የገዛበትን ዋጋ በእውነት መናገር ስላለበት ነው። ትርፉ መታወቁ የሽያጩ መሠረት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በጽሕፈት ቤቱ የሆነው

ብድሩን ሳንጨርስ የውሉ ቀን ደረሰ። ደላላው «አትጨነቅ፣ 350,000ውን በስድስት ወር ትከፍላለህ፤ ሴትየዋን አስማምቻለሁ» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውሉ ላይ ግን ዋጋው 1,600,000 ተብሎ ይጻፍ። 150,000ውን በእጅ ለእኔ ስጠኝ፣ እኔ አደርስላቸዋለሁ። ለመንግሥት የሚከፈለው እንዲቀንስላችሁ ነው» አለኝ።

ወንድሞቼ! እውነቱን ልናገር። ሐሰት መሆኑን አውቄያለሁ። ባለቤቴም «በሐሰት ወረቀት የተገዛ ቤት ውስጥ ምን ብለን ነው የምንሰግደው?» ብላኛለች። እኔ ግን «ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው» ብዬ ተቀበልኩ። ያን ዕለት ጠዋት 150,000 ብሩን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ በጉያዬ ይዤ ሄድኩ።

ውል አዋዋይዋ ውሉን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችና አሮጊቷን «እናቴ፣ ቤትዎን በስንት ነው የሸጡት?» አለቻቸው። እርሳቸውም ሳያመነቱ «በ1,600,000 ብር ነው ልጄ፣ የጠየቅሁትን አንድ ብር ሳይቀንስ ነው የሰጠኝ፣ እግዚአብሔር ይስጠው» አሉ። ፊታቸው ላይ የሐሰት ምልክት አልነበረም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «እማማ፣ በእጅ የሚሰጥዎትስ 150,000 ብር?» አልኳቸው። «የቱ 150,000 ብር?» አሉኝ።

ደላላው መሬት መሬት አየ። እኔ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምን ብዬ እጮሃለሁ? «በወረቀት ላይ ልንዋሽ ተስማምተን ሳለ እርሱ አታለለኝ» ልበል? አንደበቴን ያሰረው የደላላው ተንኮል ሳይሆን የራሴ ሐሰት ነበር። አታላይ ሰው ዘወትር እኛን የሚይዘን እኛው በፈቀድንለት ትንሽ ሐሰት ነው። ውሉን ሳንፈርም ወጣን።

በሐይቁ ዳር የተደረገ ሽምግልና

አሮጊቷ ውጭ ላይ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ይህን ሰው ተወው። ነገ ሁለታችን ብቻ እንምጣና እንጨርስ፤ ለእርሱ የምንሰጠውም ለልጆችህ ይሁን» አሉኝ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ቤቱንም አገኘሁ፣ ደላላውንም ቀጣሁ፣ 2 በመቶውንም አተረፍኩ ብዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ባለቤቴ ግን አልተደሰተችም። «ቤቱን ያሳየን ማን ነው? ሰባት ቤት ያዞረንስ? እርሱ ሰርቆናል ብለን እኛም የድካም ዋጋውን ከሰረቅን ልዩነታችን ምንድን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ከዐስር ሶላት በኋላ አሞራ ገደል ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። እኔ፣ ደላላው፣ አሮጊቷ፣ ጎረቤታቸው የሆኑ አንድ ሽማግሌና የመስጊዳችን ኡስታዝ ነበርን። ደላላው መጀመሪያ ተቆጣ። «ሴትየዋ 1,600,000 በእጄ ይግባልኝ ነው ያሉት፤ ከዚያ በላይ ያመጣሁት የእኔ ላብ ነው። ኢብኑ ዐባስ እንኳ ፈቅደውታል» አለ።

ኡስታዙ ሳይቆጡ መለሱለት። የድለላ ዋጋ በራሱ ሐራም አለመሆኑን፣ ከቀደምት ታላላቅ ታቢዒዮች መካከል ኢብኑ ሲሪን፣ ዐጣእ፣ ኢብራሂምና ሐሰን ችግር እንዳላዩበት ኢማም አል ቡኻሪ መዘገባቸውን፣ ከኢብኑ ዐባስም (ረ.ዐ.) «ከዚህ ዋጋ በላይ የሸጥክበት ላንተ ይሁን» ብሎ መዋዋልን የሚፈቅድ አስተያየት መተላለፉን አስረዱ። ብዙ ሊቃውንት ግን ክፍያው መጠኑ የማይታወቅ ስለሚሆን አልተቀበሉትም አሉ። «ይሁን ብለን ብንቀበለው እንኳ፣ ይህ ባለንብረቱ ዐውቆና ፈቅዶ ሲነግርህ ነው። እማማ፣ እንዲህ ብለውታል?» ሲሉ ጠየቁ። አሮጊቷም «እኔ 2 በመቶ ነው የተስማማሁት፤ ሌላ አላውቅም» አሉ። ኡስታዙ ወደ ደላላው ዞረው «ለዚህ ወንድምህም ለአንተ ነው የምሠራው ብለኸዋል። ሰው ለሰው ወኪል ከሆነ በኋላ ያገኘው ትርፍ የወከለው ሰው ነው» አሉት።

ከዚያም የዑርወተል ባሪቂን (ረ.ዐ.) ታሪክ አነሡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ዲናር ሰጥተው አንድ በግ እንዲገዛላቸው ላኩት። እርሱ በዲናሩ ሁለት በግ ገዛ፤ አንዱን መልሶ በአንድ ዲናር ሸጠና በጉንም ዲናሩንም ይዞ ተመለሰ። ማንም አላየውም ነበር፤ ዲናሯን ኪሱ ቢከታት የሚጠይቀው አልነበረም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በንግዱ በረካ እንዲኖረው ዱዓ አደረጉለት፤ ከዚያ በኋላ አፈር እንኳ ቢገዛ ያተርፍ ነበር ተብሎ ተወራለት። «ዑርዋ ይህን በረካ ያገኘው አማናውን ይዞ ስለተመለሰ ነው» አሉ ኡስታዙ።

ደላላው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሲናገር ድምፁ ሌላ ነበር። «እናንተ የእኔን ብቻ ነው የምታዩት» አለን። «አንድን ሰው አሥር ቤት አሳየዋለሁ፤ ከዚያ ከባለቤቱ ጋር ስልክ ተለዋውጠው ከጀርባዬ ይጨርሳሉ። ባለፉት አራት ወራት ሦስት ቤት እንዲህ ሄዶብኛል። ልጆቼ ግን በየቀኑ ይበላሉ። ግልጽ ስሆን የማይከፈለኝ ከሆነ መደበቅን የተማርኩት ከእናንተው ነው» አለ። እኔና አሮጊቷ ተያየን። ትናንት በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ያሰብነው ይህንኑ ነበርና ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።

በዚያው ቦታ ተስማማን። ዋጋው 1,600,000 ሆኖ በእውነት ይጻፋል። ለደላላው ከእኔ 2 በመቶ፣ ማለትም 32,000 ብር ይከፈለዋል፤ ከአሮጊቷም እንዲሁ። ከነበረን 1,400,000 ብር ላይ የእርሱን ከፍለን 1,368,000 ለሻጭዋ ሰጠን። የቀረውን 232,000 ብር አሮጊቷ ያለ ጭማሪ በአሥር ወር እንድንከፍል ፈቀዱልን፤ ያም በውሉ ውስጥ በቀንና በመጠን ተጻፈ፣ ምስክሮች ፈረሙበት። የባንክ ጉዳይም የአማካሪ ጉዳይም ቀረ። የተደበቀችው 150,000 ብር ነበረች ከዐቅማችን በላይ ዕዳ ፍለጋ ስታሯሩጠን የከረመችው።

ከዚህ ምን ተማርን?

በመጀመሪያ፣ መካከለኛን መጥላት መፍትሔ አይደለም። በመዲና ገበያ ነጋዴዎች «ሰማሲራ»፣ ማለትም ደላሎች፣ ይባሉ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚያ በተሻለ ስም ነጋዴዎች ብለው ጠሯቸው፤ ንግድ ውስጥ ከንቱ ንግግርና መሐላ ስለሚገባ ከሶደቃ ጋር እንዲያደባልቁትም መከሯቸው። ሥራውን አላወገዙም፤ ሰዎቹን አከበሩና አስጠነቀቁ። ከተማውን የማያውቅ ሰው ቤት ሲፈልግ የሚያዞረው ሰው ያስፈልገዋል፤ ድካሙም ዋጋ አለው።

ሁለተኛ፣ ችግሩ የክፍያው መኖር ሳይሆን አለመታወቁ ነው። የምገዛው በውድ በሆነ ቁጥር የሚያገኘው የሚጨምር ሰው፣ ፍጹም ቅን ቢሆን እንኳ፣ «ይህ ቤት ተወድዷል፣ ተወው» ሊለኝ ይከብደዋል። ይህን የተረዱት ሙስሊሞች ብቻ አይደሉም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ የገንዘብ አማካሪዎች በመዋዕለ ንዋይ ጉዳይ ደንበኛን ሲመክሩ ከሻጩ ኩባንያ ኮሚሽን መቀበላቸው ተከልክሎ፣ ክፍያቸውን ከደንበኛው ጋር በግልጽ እንዲስማሙ ተደርጓል። በአሜሪካም በፍርድ ቤት ክርክር ሳቢያ በመጣ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ የገዢው የቤት ደላላ ቤት ከማሳየቱ በፊት ክፍያው የተጻፈበት ስምምነት ከገዢው ጋር እንዲፈራረም ግዴታ ገብቷል። የሙራበሓ ሻጭ ትርፉን እንዲናገር ፉቀሃዎች ያስቀመጡትን መርሕ አስታወሳችሁ? ዓለም ብዙ ተሟግቶ የደረሰበት ነገር እኛ ዘንድ ጥንት የነበረ ነው፤ ያልሠራንበት እኛ ነን።

ሦስተኛ፣ ሕጉን ማወቅ ለደላላ ሥራ መንፈግ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ እኛ የምንገዛው በላዩ ያለውን ቤትና የይዞታ መብቱን ነው። ስለሆነም ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ የሊዝ ወይም የግብር ውዝፍ አለመኖሩን ከማዘጋጃ ቤት ራሳችሁ አጣሩ። የጋራ ንብረት ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም መስማማት አለባቸው፤ ሻጩ የሞተበት ወይም የሞተባት ከሆነ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ ይጠየቃል። እኛ የገዛነው ቤት የእማማን ልጅ ፊርማ ስለሚጠይቅ እርሷ ከአዲስ አበባ እስክትመጣ ጠብቀናል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። ደላላ ቤት በካርቦን የተጻፈ ወረቀት ይህን አይተካም።

ቀብድንም በሚመለከት፣ የዚያው ሕግ አንቀጽ 1885 ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ ቀብድ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፉን እንደሚመልስ ይደነግጋል። «ነገ ሌላ ገዢ ሊቀድምህ ነው» የተባለ ሰው ይህን ቢያውቅ አንድ ሌሊት ይተኛበታል።

አራተኛ፣ መጻፍ መጠራጠር አይደለም። በቅዱስ ቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ አጻጻፍና ስለ ምስክር የሚናገረው የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ነው። ጌታችን (ሱ.ወ.) ትንሽ ትልቅ ሳንል እንድንጽፍ ያዘዘን ወንድማማችነታችንን ሊያጠብቅ እንጂ ሊያላላ አይደለም። እኔ «ወንድሜን እንዴት ልጠርጥር» ብዬ ሳልጽፍ ቀረሁ፤ በመጨረሻ ያ አለመጻፍ ነው ወንድሜን እንድጠረጥር ያደረገኝ።

ስለዚህ ያን ሙሽራ የመከርኩት ይህን ነው። ቤት ከማየትህ በፊት ደላላውንም አማካሪውንም ሦስት ነገር ጠይቀው፦ የምትሠራው ለማን ነው? ማን ማን ይከፍልሃል? ስንት? መልሱን በአንድ ወረቀት ጻፉት፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። ከሻጩ ጋር ፊት ለፊት ሳትገናኝ፣ ዋጋውንም ከአፉ ሳትሰማ ቀብድ አትስጥ። ክፍያው የሚታሰበው በውሉ ላይ በተጻፈው እውነተኛ ዋጋ ይሁን። አንተም በበኩልህ ከጀርባው ላለመዋዋል ቃል ግባለት፤ ሥራው ሲያልቅ በዕለቱ ክፈለው። ገንዘቡን ለሻጩ በባንክ አስተላልፍ እንጂ በፌስታል አትያዝ። ሙሽራው ሳቀ፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ግን ወረቀቱን አምጥቶ አሳየኝ። ደላላው መጀመሪያ እንደ መከፋት ብሎ ነበር አለኝ፤ ከጀርባው ላለመዋዋል የገባለትን ቃል ሲያነብ ግን «ይህን ለሁሉም ደንበኛ ልጠቀምበት» ብሎ አንድ ኮፒ ወሰደ።

የእኔስ ደላላ? ዛሬም በጁሙዓ እንገናኛለን። ሰላምታ አልተቋረጠም፤ እንደ ድሮው ግን አይረዝምም። አንድ ቀን አሞራ ገደል ዓሣ ስገዛ አጠገቤ ቆሞ አገኘሁት። ዓሣ የሚያጸዳው ልጅ ቢላዋውን ሳያነሣ «ማጽጃው ይህን ያህል ነው፣ ላጽዳልዎት?» ሲለኝ ሁለታችንም ሰማን። ደላላው ፈገግ ብሎ «ያኔ 150,000 ብር አሳጥተኸኛል» አለኝ። ቀልድ ይሁን ወቀሳ እስከ አሁን አልለየሁትም። እኔም «አንተም ሐሰቴን አሳይተኸኛል» አልኩት። ዓሣችንን ይዘን በየፊናችን ሄድን።

አሮጊቷ እናት ቀሪ ገንዘባቸውን በዘጠነኛው ወር ጨርሰን ከፍለናቸዋል። ማንጎው ባፈራ ቁጥር ባለቤቴ አንድ ካርቶን በአውቶቡስ ትልክላቸዋለች፤ እርሳቸውም ስልክ ደውለው ልጆቼን በየስማቸው ይጠይቃሉ። በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ሚስማር ስመታ እጄ አይንቀጠቀጥም። በሐሰት ወረቀት ገዝቼው ቢሆን ኖሮ ምን ይሰማኝ እንደነበር እያሰብኩ አላህን አመሰግናለሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤት ለሌላቸው ቤት፣ ቤት ላላቸው በረካ፣ በመካከል ለሚያገናኙት ደግሞ ሐላል ሲሳይ ይስጥልን። ገዢውንም ሻጩንም ደላላውንም ከስውር ነገር ይጠብቀን። አሚን!

ወሏሁ አዕለም።